የዘሃራ ወንፊት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ምሳ ስናወጣ፣ ቀጠን ያለ ጎልማሳ ሰሃኑን ይዞ ፊቴ ቆመና «እናቴ፣ የጎንደር ሰው ነዎት ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። እዚህ በርገን በሚሉት የፈረንጅ ከተማ የጎንደር ሰው እንደ ፀሐይዋ ነው፤ በስንት ጊዜ አንዴ ብቅ ሲል ሁሉም ዞሮ ያየዋል። እውነት ነው አልኩት። በኮምፒውተር ሥራ ተቀጥሮ ከመጣ ገና ወራቱ መሆኑን ነገረኝ። የት እንደተማረ ብጠይቀው እኔ በወጣትነቴ የሠራሁበትን ኮሌጅ ጠራልኝ። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አሳረፍኩት። የኢሜይል ክፍሉ ዛሬም በጓሮ በኩል፣ ከግራሩ ሥር ባለችው ጠባብ ቤት ነው ወይ አልኩት። ሳቀ። «የዘሃራ ወንፊት ያለበት ክፍል?» አለኝ። ወንፊት ያለው ቆሻሻ ኢሜይል እንዳይገባ የሚያበጥረውን ስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው፤ ተማሪው ሁሉ እንደዚያ እያለ ይጠራው እንደነበር፣ እሱ እስኪመረቅም ይሠራ እንደነበር አጫወተኝ። «ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ ሸጋ ሴትዮ ናቸው የጻፉት» አለ፤ ቀጥሎም እንደዋዛ «ብቻቸውን» ብሎ ጨመረበት።

ወጡን ጨልፌ ሰጠሁት። ሌላም ጨመርኩለት፤ በልጁ ላይ ምን አለኝ። ስሜንም ጠየቀኝና ትርንጎ እባላለሁ አልኩት። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን አጥፌ ከተቀመጥኩ በኋላ ያቺ «ብቻቸውን» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ውጭ ይዘንባል። እዚህ ሁልጊዜ ይዘንባል፤ ሐምሌ ብቻውን ዓመቱን የወረሰበት አገር ነው። መስኮቱን እያየሁ፣ ስሙ ይክበርና፣ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ጡረታዬ ደርሶ፣ ዛሬም በዚያች ሴት እቀናለሁ ማለት ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩ። አዎ፣ እቀናለሁ።

ያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ሎሚ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ ከጨመሩበት አንድ ብር ይሞላል። ባጃጅ የሚባል ነገር አልገባም፤ ከአውቶ ፓርኮ ወደ አራዳ በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፈረሱ ሲንሸራተት ሴቶቹ ሁላችን በአንድ ድምፅ እመቤቴን እንጠራ ነበር። ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ጠዋት የከፈተውን ዘፈን ማታ ሲዘጋ ነው የሚያቆመው፤ እኔ ዘፈን ባልወድም የዚያን ዘመን ዘፈን በሙሉ የማውቀው በዚያ በኩል ሳልፍ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚወርድ ቡኒ ጉርድ ነበረኝ፤ ከላዩ አረንጓዴ ሹራብ። ሰኞም እሱ፣ ዓርብም እሱ። ዘሃራ ግን አባቷ አዲስ ዓለም ሰፈር የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ በየቀኑ ሌላ ሻሽ ነበር የምታስረው፤ አንድ ቀን ወይን ጠጅ፣ አንድ ቀን የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። ቅናቴ የጀመረው ከስክሪፕቱ ነው እንዳልል ከሻሹ ነው የጀመረው። በዕድሜ ጥቂት ስለምበልጣት «እታለም» ነበር የምትለኝ። ለፋሲካ እናቴ ቤት ትመጣለች፣ ለዒድ እናቷ ቤት እሄዳለሁ፤ የየራሳችን የሥጋ ሰሃን ተለይቶ ይቀመጥልን ነበር። ጓደኛዬ ነበረች። የምትቀኚበት ሰው ጓደኛሽ ሲሆን ነው የሚከፋው፤ የሩቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰላምታ ነፍገሽ ታልፊ ነበር።

የኮሌጁ የኢሜይል አድራሻ አንድ ነበር፤ አንድ ለሁሉም። የዛሬ ልጆች ይህ አይገባቸውም። ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር ጋር አገናኘዋለሁ፤ ሞደም የሚባለው ትንሽ ሣጥን እንደታመመች ድመት ሲያላዝን ይቆይና ድንገት ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ መልእክቱ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወርዳል። ከሚወርደው እኩሌታው ቆሻሻ ነበር። ፀጉር የሚያበቅል መድኃኒት አለን የሚል፣ ያልቆረጥነው ሎተሪ ደረሳችሁ የሚል፣ የሞተ ባለሥልጣን ሚስት ነኝ ብላ በእግዚአብሔር ስም ሰላምታ የምታቀርብና ወዲያው የባንክ ቁጥር የምትጠይቅ። እነዚያን አንድ በአንድ አይቼ በእጄ አጠፋለሁ። እውነተኛውን አትሜ፣ ለሁለት አጥፌ፣ በየመምህሩ ስም በተለጠፈው ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለኮሌጁ መምህራን ብቻም አልነበረም። ውጭ አገር ለትምህርት የሄዱ የኮሌጁ ልጆች ወላጆቻቸው ሌላ አድራሻ ስለሌላቸው በዚያው ይጽፉላቸዋል። በቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ገበሬ ጤፉን ሸጦ በኛ መስኮት ሳያልፍ አይመለስም። «ትርንጎ፣ መጣልኝ?» ይላል። ዲኑም ይላል፣ ገበሬውም ይላል። እኔ በዚያች «መጣልኝ» በምትል ቃል ሰው ሆንኩ። ከዚያ በፊት ቸቸላ ሰፈር ውስጥ የአንዲት ሴት ልጅ ነበርኩ፤ ሌላ ምንም።

ከሁሉ አያ ቢምረውን እወዳቸው ነበር። ከአይከል አለፍ ብሎ ካለች መንደር ነው የሚመጡት፤ ከነቁምጣቸው፣ ጋቢያቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ሽመላቸውን በሩ ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ልጃቸው ደሳለኝ ሆላንድ የእርሻ ትምህርት ይማር ነበር። ይጽፍላቸው የነበረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በማሽኑ አማርኛ መጻፍ ገና አስቸጋሪ ነበርና። ያውም ከላይ እስከ ታች በትልልቁ ፊደል። እኔ ቆሜ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ፤ ሳነብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስጨርስ ይመርቁኛል። የአያ ቢምረው ምርቃት እንደ ከተማ ምርቃት ችኩል አልነበረም፤ ከእግር ጥፍር ተነሥቶ ራስ ፀጉር ላይ የሚያርፍ፣ እጅና ዓይን፣ ደጅና ጓዳ የማይቀርበት ነው። ቅዳሜን የምጠብቀው ለእሱ ነበር ብል አልዋሽም።

በፍልሰታ ሁልጊዜ ፈቃድ ወስጄ ቁስቋም ሱባዔ እገባ ነበር። እናቴም እንደዚያ ነበረች። ሽምብራ ቆርጥመን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ኪዳንና ቅዳሴ እየሰማን ጾሙን እንፈታለን። በዚያ ዓመትም ገባሁና ቦታዬን የኮምፒውተር መማሪያ ክፍሉን ትጠብቅ የነበረችው ዘሃራ ሸፈነችልኝ። እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን ቆሻሻው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። የስልክ መስመሩ እስከ ምሳ እየታነቀ ዲኑ ስልክ መደወል አቃተው። ዘሃራ እንደ እኔ ተቀምጣ አንድ በአንድ ማጥፋት አልወደደችም። ሰርቨሩ ላይ፣ መልእክቱን በሚቀበለው ማሽን፣ ጥቂት መስመር ስክሪፕት ጻፈች። እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ እንዲያ ከሆነ ወደዚያ። ርእሱ ላይ የመምህር ስም ካለ ወደ መምህሩ ፎልደር። ሁሉም በትልልቅ ፊደል ከተጻፈ አንድ ነጥብ፤ መጀመሪያው ላይ የእግዚአብሔር ስም ካለ ሌላ ነጥብ፤ ባንክ የሚል ካለበት ሌላ። ነጥቡ ሲሞላ ወደ ቆሻሻው ፎልደር ይወረወራል፤ ፎልደሩም ዲስኩ ትንሽ ስለሆነ በየሳምንቱ ራሱን በራሱ ያጸዳል። እኔ ፊቴ ከስቶ፣ ልቤ ቀሎ፣ ከቁስቋም ቁልቁል ወርጄ በማግስቱ ሥራ ብገባ፣ ያ ማለዳ የምታገለው ሥራ ሁሉ ተሠርቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሣጥኖቹ ሞልተዋል። መምህራኑ በመስኮቱ እያለፉ «ዘሃራ፣ መጣልኝ?» ይላሉ። ተደሰቺ አልኩ ለራሴ፤ ድካም ቀነሰችልሽ። አልተደሰትኩም። ያን ሁሉ ቀን የጾምኩት ጾም በአንድ ጠዋት ፈረሰብኝ።

ዲኑ ደግሞ ሰው ሳይሰማ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለዚህ ክፍልና ለኮምፒውተር መማሪያው ከእንግዲህ ሁለት ሰው እንደማያስፈልግ፣ መስከረም ሲያልቅ አንዳችን ወደ ሬጅስትራር እንደምንዛወር፣ ስክሪፕቱ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ እንደሚወስን ነገረን። ሬጅስትራር ማለት በምድር ቤት ቁጭ ብሎ የተማሪ ካርድ ላይ ማኅተም መምታት ነው። መስኮት የለውም። ዘሃራ ወደኔ ዞራ «እታለም፣ እሱ ሲቀልድ ነው» አለች። እንዳልቀለደ ሁለታችንም አውቀናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ኮምፒውተሩ ጋ፣ እኔ ከጀርባዋ ማተሚያው ጋ ተቀመጥን፤ እሷ የምትልከውን እኔ አትሜ እያጠፍኩ።

አያ ቢምረው ከዘመን መለወጫ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጡ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ዘሃራ ስለሆነች ጥያቄያቸውን ለእሷ አቀረቡ። ምንም አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ሲመጡ ጋቢያቸው በጭቃ ተለውሷል፣ አንደበታቸው ቀንሷል። ዘሃራ ተነሣች። ወንበሯን ለቀቀችላቸው፣ ሻይ አስመጣችላቸው፣ እጃቸውን ይዛ «አይዞዎት አያ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» አለቻቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ያችን እጅ አየኋት። ያ ወንበር የኔ ነበር፤ የእሳቸውም እጅ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚይዘው የኔን ነው። ፊቴን ወደ ሣጥኖቹ አዞርኩ። አያ ቢምረው ሻዩን ሳይጨርሱ ብድግ ብለው፣ ሁለታችንንም ተራ በተራ አይተው ወጡ። ምርቃት የሌለበት ቅዳሜ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከአይከል የመጣ አንድ ማር ነጋዴ በመስኮታችን ቆመ። የኮሌጁ ሰዎች ለለቅሶው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚወጡ ጠየቀን፤ ድንኳኑ ከተተከለ ሰንብቷል፣ ሰው ከኮሌጁ ማን መጣ እያለ ይጠይቃል አለ። የማን ለቅሶ? የደሳለኝ፣ የአያ ቢምረው ልጅ። ማን ነገራቸው? ነጋዴው ሁለታችንን አፈራርቆ አየና «እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አለ።

ዘሃራ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። እኔም ከማተሚያው ተነሥቼ ከትከሻዋ ኋላ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም አንድ ነገር ያሰብነው፤ ማን ቀድሞ እንዳሰበው ዛሬም አልከራከርም። ቆሻሻውን ፎልደር ከፈተችው። በዚያ ሳምንት ከተጣሉት ከባለ ሎተሪዎቹና ከባለሥልጣን ሚስቶቹ መካከል የደሳለኝ መልእክት ቁጭ ብሏል። ከላይ እስከ ታች በትልልቅ ፊደል፤ በእግዚአብሔር ስም ተጀምሮ፣ መጨረሻው ላይ ለበሬ መግዣ ጥቂት ልኬያለሁና ባንክ ሂዱ የሚል ያለበት። ሦስቱም ነጥብ ሞልቶለት ተጥሏል። ከዚያ ቀደም የጻፈው ካለ ፎልደሩ ራሱን ሲያጸዳ አብሮ ሄዷል። ዘሃራ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀቱን አተምኩት። በማግስቱ ማለዳ ሁለታችንም ከአውቶ ፓርኮ በአይከል አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እሷ ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር፤ ጥቁርም ያምርባት ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ከደጃፋቸው ካለ የጤፍ ማሳ ዳር ነው። እናትየዋ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ወገቧን ታጥቃ፣ ድምፅዋ ከማለቁ የተነሣ በእጇ ብቻ ነበር የምታለቅሰው። አያ ቢምረው እኛን ሲያዩ ተነሡ። ዘሃራ መሬት ላይ ወድቃ እግራቸውን ያዘች። ልጅዎ አልሞተም፣ ማንም ሞተ አላለም፣ የኔ ማሽን ነው መልእክቱን የጣለው እያለች ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተናገረች።

«አያ፣ እኛ ምን አልንዎት?» አልኳቸው እኔ። «መቼ ነው መርዶ የነገርንዎት?»

«ቅዳሜ ነዋ» አሉኝ። «ይቺ ወንበር ሰጥታ ሻይ አጠጣችኝ። ሁሉም ለበጎ ነው አለችኝ። አንቺ ደግሞ ልታይኝ አቅቶሽ ፊትሽን አዞርሽ። ከዚህ ወዲያ መርዶ ምን አፍ አለው?»

እውነታቸውን ነው። ባገራችን መርዶ በአፍ አይነገርም፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ባለ ነገሩ የሚያውቀው ሰው ድንገት ደግ ሲሆንበት ነው። የዘሃራን ደግነትና የእኔን ፊት ማዞር አንድ ላይ ደምረው ልጃቸውን ቀበሩ። የእኔ ፊት ለምን እንደዞረ እኔና ፈጣሪዬ ነበርን የምናውቀው።

ሰዉ ግን አላመነም። አንዱ ሽማግሌ፣ ሊያጽናኑን የድሮ ወረቀት ይዘው መጥተዋል ብሎ ለጎረቤቱ ሲናገር ሰማሁት። እንግዲያው ላንብበው አልኩና በድንኳኑ መካከል ቆምኩ። ደሳለኝ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ለአዲሱ ዘመን አደረሳችሁ ይላል። ይህን ስል ዝም አሉ፤ ዘመኑ ከተለወጠ ገና ወሩ አልሞላም። ቀጥሎ ሰላምታው ጀመረ። ለአባቱ። ለእናቱ፤ ለእናቱ ወገብ ሕመም ለብቻው። ለታላቅ እህቱና ለልጆቿ በየስማቸው። ለክርስትና አባቱ። ቄሰ ገበዙ ተሻላቸው ወይ? የጎረቤታቸው የአያ ጫኔ ክስ ምን ደረሰ? ቦራው በሬ እንዴት ነው? ወለደች የተባለችው ውሻስ? ስም በጠራሁ ቁጥር ከድንኳኑ አንድ ጥግ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ በቀስታ፣ እንደ ማፈር እያሉ፤ ወደኋላ ላይ ግን ስማቸው ሳይደርስ ቀርቶ እንዳይዘለሉ እየተንጠራሩ ይጠብቁ ጀመር። አያ ጫኔ «ክሱን ረታሁ በልልኝ» ብለው ወረቀቱን አናገሩት። ለውሻዋ የመለሰላት አንድ ሕፃን ነው። እናትየዋ ስሟ ሲጠራ የተላጨ ራሷን በመዳፏ እየዳሰሰች «እንግዴህ ይህን ምን ላድርገው?» አለች፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳመጡት እኔን ነው። ስጨርስ አያ ቢምረው ብድግ አሉና ወደ ዘሃራ ሄዱ። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ እግር ላይ የወደቀች ልጅ ከተማ ውስጥ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩና ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «በሃይማኖትሽ ይሁንልሽ» ብለው ጀመሩ። እጅሽ ከሸጋ ነገር አይለይ፤ ማሽንሽ ይግራልሽ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ፤ ወልደሽ ሳሚ፣ የወለድሽው ይጡርሽ፤ የምትጽፊው አይሳሳት። ከጥፍሯ ጀምረው ፀጉሯ ላይ ደረሱ። ያ ሁሉ አሜን እየተባለ የሚወርደው ምርቃት የኔ የቅዳሜ ምርቃት ነበር፤ አሁን ድንኳን ሙሉ ሰው ጨምሮበት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ አየሁ። ዘሃራ ወደኔ ጠቁማ እሷንም ይመርቋት አለች። አያ ቢምረው ዞር ብለው በፍቅር አዩኝና «እሷማ የቤት ልጅ ናት» ብለው እንጀራ እንዲቀርብልን አዘዙ።

ዘሃራ አራት ወለደች፤ ሁሉም ለወግ ለማዕረግ ደረሱላት። ለእኔና ለባሌ አልሰጠንም። ይህን ከዚያ ምርቃት ጋር ማያያዝ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነግሬያቸው የንስሐ አባቴም ተቆጥተውኛል። ወደው አይስቁ ሆነና፣ ልጅቷ ከአንቺ ምን ወሰደች ብለው ቢጠይቁኝ ወንበርና ምርቃት ስላቸው በመስቀላቸው አፋቸውን ከልለው ሳቁ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘሃራ አጠገቤ ተቀመጠች። ስክሪፕቱን ነገ አጠፋዋለሁ አለች፤ የኛን ሰው ከሌባው መለየት ካልቻለ ምን ይሠራል፤ ሁለቱም እግዚአብሔር ይላሉ፣ ሁለቱም ባንክ ይላሉ። አንቺ በእጅሽ ስትለዪ እንዴት ነበር የምትለዪው ብላ ጠየቀችኝ። ስክሪፕቱ ከጠፋ መስኮቱ የኔ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ዝም ብል ዝም እንዳልኩ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ከድንኳን ነበር የወጣሁት፤ ያቺ የተላጨች ራስ ዓይኔ ላይ ነበረች፤ ነገ ሌላ እናት ትላጭ? ነገርኳት። ሌባ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ቸኩሎ ገንዘቡ ጋ ነው የሚደርሰው አልኳት። የኛ ሰው ጉዳዩ ምንም ቢያስቸኩለው ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ አያነሣም። ስም ቁጠሪ። ከባንኩ በፊት የሰው ስም ከበዛ፣ ጤና ከተጠየቀ፣ በሬው ካልቀረ፣ ልጃችን ነው፤ ይግባ።

ዘሃራ ዓርብ ከምሳ በፊት ጽፋ ጨረሰችው። እንዴት እንደጻፈችው አይቻለሁ፤ ንጹሕ፣ አጭር፣ ሸጋ ነገር ነበር፤ እኔ በዚያ ዓይነት ልጽፈው አልችልም ነበር፤ ይህን አልክድም። ደሳለኝ በማግስቱ የላከው ቀጥ ብሎ ገባ፤ የባለሥልጣኑ ሚስት ደግሞ ውጭ ቀረች። ዲኑ መጥቶ አየ፣ ተገረመ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን የሰላምታውን ነገር ማን አሰበው?» አለ። እኔ የታተመ ወረቀት አቅፌ በሩ ላይ ነበርኩ። ዘሃራ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው፤ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች። ዲኑ ያን እንደ ትሕትና ቆጠረው። መስከረም አልቆ በሰኞው ማኅተም መምታት ጀመርኩ፤ መስኮት በሌለው ክፍል፣ እስካገባና ባሌን ተከትዬ እስከምወጣ ድረስ። ሰው ብዙ ጊዜ እሷን ሊያመሰግን መጥቶ ነግሮኛል፤ ያቺ ዘሃራ እንዴት ያለች ብልህ ናት።

በኋላም አልተጣላንም። በየዓመት በዓሉ እንደዋወላለን፤ እኔ ለዒድ፣ እሷ ለፋሲካ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ ተነሥቶ አያውቅም። ወጥ የጨለፍኩለት ልጅ ያን እሑድ ያወራኝን ለእሷም ጽፎላት ኖሮ፣ ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ።

«እታለም» አለች። ድምፅዋ አርጅቷል፤ የኔም አርጅቷል መሰለኝ። ልጁ እንዴት እንደወፈርኩ ሳይቀር ነግሯታል። ከዚያ ኮሌጁ ኢሜይሉን ለአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ እንደሰጠ፣ ቆሻሻውን እሱ ራሱ እንደሚያጣራው፣ ወንፊቱ ባለፈው ዓመት እንደተዘጋ አጫወተችኝ። እሷም ጡረታ ወጥታለች። አሁን ልጆቿ ተዋጥተው ሐጅ ሊልኳት ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ ይላል፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አባቷም ሲሄዱ እናቴን ደጃፋችን ድረስ መጥተው ለምነዋታል።

«ዲኑ ማን አሰበው ሲል አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ሲከፈት አይቻለሁ» አልኳት። «ሲዘጋም አይቻለሁ።»

ያን ወንበር ትወደው እንደነበር፣ እኔን መስኮቱ ላይ ባየች ቁጥር ከሱባዔው በፊትም ትቀና እንደነበር፣ ሰው ሁሉ ትርንጎ ትርንጎ ሲል እሷ ከማዶ ክፍል ትሰማ እንደነበር ነገረችኝ። ለካ ያን ሁሉ ሻሽ ያሰረችው እንድትታይ ነው። «አፉ በይኝ» አለች።

ይህን ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቢመጣ የምመልሰውን አዘጋጅቼ፣ አሳምሬ፣ በተለያየ ጊዜ ቀይሬዋለሁም፤ ድስት ሳጥብም፣ ቅዳሴ መካከልም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መጥቶ ሳየው ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህቺ ሴት በአንድ ስልክ ሸክሟን አራግፋ፣ ነጭ ለብሳ፣ ቀልሏት አውሮፕላን ልትሳፈር ነው፤ እኔ ግን ይቅር ካልኩ በኋላ ምን ይዤ እንደምቀመጥ እንጃ። ይቅርታውንም ቀደመችኝ። ለመጠየቅ የሚበቃ ነገር ያላት እሷ ሆነች።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት፤ ከልቤ ነበር። «ወንበሩንም፣ ስክሪፕቱንም።»

«ምርቃቱንስ?» አለች።

ታውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር። ምርቃቱ የአያ ቢምረው ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኳት። ያኔ እሷ እንደ ድሮው፣ እንደዚያች ባለ ሻሿ ልጅ ሳቀች። እዚያ ስደርስ ስምሽን ጠርቼ ዱዓ አደርግልሻለሁ አለችኝ። ምን ብለሽ አልኳት።

«ከቅናት እንዲገላግልሽ ነዋ።»

«እሱን ተዪው» አልኳት። «ስለ ጉልበቴ ለምኚልኝ።»